ለጋሽ ወርዶፋ ያልደረሰችው ፍራንክ

ልጄ ሰላም በዚህ ዓመት ጆሮዬን ለማስመርመር አዳማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ፤ ጆሮዬን በማዳመጫ ሸፈነችልኝና አንድ ቁልፍ አስጨበጠችኝ። «አባባ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑት» አለች። ተቀምጬ ጠበቅሁ። ማሽኑ ገና አልተከፈተም ብዬ የግድግዳውን ቀለም ሳጠና ቆየሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩ፤ እሱንም ዝም ብሎ መቀመጡ ነውር መስሎኝ ነው። በመጨረሻ ሐኪሟ በሩን ከፍታ ቀረብ አለችና ነገረችኝ። ሰው አጠገቤ ሆኖ ሲያወራ እሰማለሁ፣ ቀጭን ድምፅ ግን ከእንግዲህ የለም።

የሰላም ፊት ጠቆረ። እኔ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ ያበላኝ ይኸው ጆሮ ነው። ባቡር ላይ የተቀጠርኩት ለጉልበቴ አልነበረም፣ ለትምህርቴም አልነበረም። የፉርጎ የብረት ጎማ በመዶሻ መትቼ፣ ድምፁን ሰምቼ፣ «ደህና ናት» ወይም «ታማለች» እንድል ነበር።

ያን ዕለት ቤት እንደገባሁ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልኳትን አንዲት ሳንቲም አወጣሁ። የጅቡቲ አንድ ፍራንክ ናት፤ ፈረንሳይ ከዚያ አገር ልትወጣ ስትል ካስቀረጸቻቸው የመጨረሻ ሳንቲሞች አንዷ። ሲሚንቶው ላይ ጣልኳት። ስትወድቅ አየኋት፣ ስትሽከረከር አየኋት፣ አልሰማኋትም። ይህች ሳንቲም የእኔ አይደለችም። ሥራውን ያስተማሩኝ የጋሽ ወርዶፋ ናት፤ ከእሳቸው ጋር የተለያየነው ደግሞ በኩርፊያ ነው። እኔ ዘንድ የቀረችው በአደራ ይሁን በእልህ፣ ይኸው አርጅቼም ለይቼ አላውቅም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ አዳማ ነው፤ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንለው። አባቴ ከከምባታ መጥቶ ወንጂ አገዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ አገዳ መብላት እንጂ መቁረጥ አልወደድኩም፤ የአባቴን ወገብ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ የሰፈራችን ሰው ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ብሎ ወሰደኝ። የጣቢያው ሹም ወፍራም፣ ላብ የማይደርቅላቸው ሰው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ብርጭቆ በማንኪያ መቱና «ምን ሰማህ?» አሉኝ። «ጫፉ ተሸርፏል» አልኩ። እውነትም ተሸርፎ ነበር። ስገባ አይቼው ነው እንጂ ምንም አልሰማሁም። በዚህ ዓይነት ተቀጠርኩ፤ ደመወዙም ለብቻዬ ቤት ለመከራየት የሚበቃ አልነበረም።

የመደቡኝ ከጋሽ ወርዶፋ ጋር ነው። ጎማ በማዳመጥ ስማቸው የታወቀ ስለነበር ጆሮው የሰፋ ሰው ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮአቸው ከቆባቸው ሥር በቅጡ የማይታይ የአርሲ ነገሌ ሰው ነው። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው «ኪስህን አራግፍ» የሚል ነበር። ደነገጥኩ፤ ሊፈትሹኝ ነው ብዬ። እሳቸው ግን የራሳቸውንም ኪስ እያራገፉ ነው። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሰንጢ፣ ያላቸውን ሁሉ ቀይ መሐረብ ውስጥ ቋጥረው ሻይ ለምትሸጠው ሴት ሰጧት።

«ኪሱ የሚጮህ ሰው ጎማ አይሰማም» አሉኝ።

ባቡር ሲቆም እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታን እንሄዳለን። ጤነኛ ጎማ ሲመታ ድምፁ ጠርቶ ይወጣል፣ ይረዝማል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል። የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ያጥራል፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይንቀጫቀጫል። ገበያ ላይ ገንቦ የምትገዛ ሴት በጣቷ ኳ አድርጋ እንደምትሰማው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ገንቦው ቢሰነጠቅ የሚፈሰው ውኃ ነው።

እኔ መጀመሪያ ላይ በጉልበቴ ነበር የምደበድበው። ጋሽ ወርዶፋ መዶሻዬን ያዙና «የሰው ቤት ስትሄድ በሩን ትሰብራለህ?» አሉኝ። «አንኳኳ። ከዚያ ዝም በል። እሷ ትመልስልሃለች።» ከታች ወደ ላይ፣ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሲመቱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ባቡሩ እስኪሄድ ድረስ ቃል አይተነፍሱም፤ ሹሙ ቢጠሯቸውም በእጃቸው ቆይ ይላሉ እንጂ አይመልሱም።

ባቡሩ ሲሄድ መሐረቡ ይፈታል። የዚያን ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ጋሽ ወርዶፋ የጅቡቲ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ እጅ ናት። ሽቶና ጨርቅ ለማምጣት የሚመላለሱ ሴት ነጋዴዎች ቦርሳቸው ውስጥ የተረፈውን ሳንቲም ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው በምትኩ የወንጂ ሸንኮራ ይሰጧቸዋል። ሸንኮራውን በየሳምንቱ ከአባቴ ቤት ተሸክሞ ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ነዶ ሸንኮራ ይዞ ፉርጎ ለፉርጎ የሚሮጥ የባቡር ሠራተኛ ማየት ለተሳፋሪው መዝናኛ ነበር።

ሳንቲሞቹን የሚያስቀምጡት በብስኩት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ በሰንጢያቸው የፈለፈሉት ጣውላ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲም በልኩ ቀዳዳ አበጅተውለታል። ሁሉም ላይ በአንዱ ገጽ ክንፍ ያለው ቆብ የደፋች ሴት ራስ አለች። በሌላው ገጽ ትልልቆቹ ነጫጮቹ ግመል፣ ቢጫዎቹ ባለ ሸራ ጀልባና መርከብ፣ ቀላሎቹ አሉሚኒየሞች የሚዳቋ ራስ አላቸው። ሳንቲም በጠርዙ ነው የሚያዘው፣ ፊቱ አይነካም። አይታጠብም። እኔ አንዴ ግመሏ ቆሽሻ አይቻት በአመድና በሎሚ ላሻት ስል እጄን መቱኝ። «የስንት ሰው እጅ አለባት፤ ልታባርራቸው ነው?» አሉ።

አንድ ቀን ለምን እንደሚሰበስቡ ጠየቅኳቸው። ጀልባዋን ወደ ብርሃኑ አዙረው ቆዩና፣

«እዚህ ስንት ጎማ አዳመጥኩ» አሉ። «ሁሉም ባሕር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እኔ ከአዋሽ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ይህ ከዚያ የሚመጣልኝ ነው።»

ያን ጊዜ አሁን ሳስበው ልቤ ይንሰፈሰፋል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ሐዲዱ ሲወርድ፣ ጋሽ ወርዶፋ አንቀላፊ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ አንቀላፊ የምንለው ሐዲዱ የሚጋደምበትን የተረፈ ብረት ነው። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ሳንቲም አንድ በአንድ ብረቱ ላይ እጥላለሁ፤ እሳቸው በድምፁ ብቻ ይጠሩታል። «ሃያ። አምሳ። መቶ። ይቺ አምስት ናት።» ሻይ እናስይዛለን። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። ብሸነፍም ሻዩን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ሻይ ሲባል ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ወርዶፋ የመግደርደር ነገር አያድርስ ነው። የተጋበዙትን ነገር መጀመሪያ እምቢ ሳይሉ ተቀብለው አያውቁም። እትዬ ዘሃራ የምትባል ወሎ ተወልዳ አዳማ ያደገች ነጋዴ ነበረች፤ ከጅቡቲ ተምር ታመጣላቸዋለች። ትዕይንቱ ሁሌም አንድ ነው።

«ኧረ አልፈልግም፣ ለልጆችሽ አድርጊው።»

«በሞቴ።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

«ወላሂ ካልወሰዱ ሁለተኛ አዳማ ላይ አልወርድም።»

ከዚያ በኋላ ነው እጃቸው የሚዘረጋው። አንድ ቀን ባቡሩ ቸኩሎ እትዬ ዘሃራ አንዴ ብቻ «በሞቴ» ብላ ተምሩን ይዛ ሄደች። ጋሽ ወርዶፋ እስከ ማግስቱ ሲያዝኑ ዋሉ። እኔ ደግሞ ሲያዝኑ እያየሁ ስስቅ ዋልኩ።

ጅቡቲ ነፃ ልትወጣ ነው የሚለው ወሬ ሲጠነክር ጋሽ ወርዶፋ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ገንዘቡ መቀየሩ ነው። ጣውላው ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ባዶ ነበረች፤ የአንድ ፍራንኳ። ከሁሉም የረከሰችው ለማግኘት የከበደች ሆነች፤ ምክንያቱም ምንም ስለማትገዛ ማንም ወደዚህ ይዟት አይመጣም። ነጋዴዎቹ መቶና አምሳውን ያመጣሉ እንጂ አንድ ፍራንክ ማን ይቋጥራል? እትዬ ዘሃራ ግን ማለች። «አገኛለሁ። ከለማኝ ቆብ ውስጥም ቢሆን ለውጬ አመጣታለሁ» አለች።

እሷ ጅቡቲ ሳለች የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድዮች ተሰበሩ፣ መስመሩ ተዘጋ። ጅቡቲ ባንዲራዋን የሰቀለችው እኛ ባዶ ሐዲድ እያየን ነው። ጋሽ ወርዶፋ በየቀኑ ይመጣሉ፣ ኪሳቸውን ያራግፋሉ፣ የቆሙትን ፉርጎዎች ይመታሉ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔን የዝውውር ወረቀት ሰጥተው ወደ መተሐራ ላኩኝ።

መተሐራ ሙቀቱ ጎማውን ራሱ ሊያቀልጠው ይደርሳል። የበሰቃ ሐይቅ በየዓመቱ ወደ ሐዲዱ እየተጠጋ ነበር፤ አለቃችን በየጠዋቱ ውኃው ዳር ድንጋይ ያስቀምጡና ማታ ሄደው ያዩታል፣ ከሐይቁ ጋር የግል ጠብ ያላቸው ይመስል። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ግን ከሐይቁ በቀር ሌላ ወሬ የላቸውም። ጎማ እመታለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ የሚያመሰግነኝም የሚያርመኝም የለም። አዳማ ናፈቀኝ። ሸንኮራ የምሸከምበትን ቀን ናፈቅሁ።

መስመሩ ተጠግኖ ሲከፈት ወደ አዳማ መለሱኝ። አዲሶቹ የጅቡቲ ሳንቲሞች መምጣት ጀምረው ነበር። የሴትየዋ ራስ ጠፍቶ በቦታው ጋሻና ጦር ተተክቷል። በጀርባቸው ግን ያው ግመል፣ ያው ጀልባ፣ ያቺው ሚዳቋ። እኔ ልፈትናቸው ብዬ አሮጌውንና አዲሱን ሃያ ፍራንክ ተራ በተራ ብረቱ ላይ ጣልኩ። ድምፃቸው አንድ ነው። ማንም ሊለየው አይችልም። ጋሽ ወርዶፋ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ እጄን እያዩ ነበር። «በዚህ ጨዋታ ሰለቸሁ» አሉና ተነሡ። እኔም አረጁ ብዬ ተውኩት።

አንድ ሌላ አዲስ ነገር አየሁ። ጎማውን ከመቱ በኋላ መዳፋቸውን ወዲያው ጎማው ላይ ያሳርፋሉ። እኔ በሌለሁበት ጊዜ ያገኙት አዲስ ጥበብ መሰለኝ። ሳልጠይቅ ቀዳሁት። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁለቱ ሠራተኞችም ከእኔ ቀዱት። ጥቂት ወር ሳይቆይ አዳማ ጣቢያ ላይ ሁላችንም ጎማ መትተን የምንባርክ ሆንን። ሌላ ጣቢያ እንዲህ የሚያደርግ እንደሌለ እያወቅን እንኳ ኮራንበት፤ የጋሽ ወርዶፋ እጅ ነዋ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር እኩለ ቀን ላይ ገባ። ሰው ከመጠን በላይ ተጭኗል፣ በየመስኮቱ ራስ ወጥቷል። ጋሽ ወርዶፋ በማዶ በኩል ናቸው፣ እኔ በወዲህ። ሦስተኛው ፉርጎ ላይ እሳቸው ሲመቱ ከማዶ የመጣው ድምፅ ወዲያው ተቆረጠ። በእርግጥ መዳፋቸው ነው የቆረጠው፣ እጅ ያረፈበት ጎማ ይታፈናል። ግን ከመታፈኑ በፊት ያለችው ያቺ ቅንጣት አላማረችኝም። በመጋጠሚያው ሥር ሾልኬ ወደ እሳቸው ተሻገርኩ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ይቺን ይድገሟት።»

«ደህና ናት።»

«አልጮኸችም እኮ።»

«እጄ ላይዋ ነበር። ደህና ናት አልኩህ።»

የጣቢያው ሹም እየተንጠራወዙ መጡ። «ምን ሆናችኋል? ሰዓቱ ደርሷል» አሉ። መዶሻዬን አነሣሁና እጄን ሳላሳርፍ መታሁ። ጎማዋ ጭብጥ ድንጋይ እንደመታው ጣሳ ተንቀጫቀጨች። ሹሙ ራሳቸው ሰሙ።

«ተሰንጥቃለች» አልኩ። በዚህ ላይ አላበቃሁም። «ጋሽ ወርዶፋ አልሰሟትም» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ያ ሁሉ ራስ በመስኮት ወጥቶ እያየ።

ጎማው በላምባ ተወለወለ፣ ደርቆ ጠመኔ ተቀባ። ትንሽ ቆይቶ በነጩ ላይ ላምባው ያረጠበው ቀጭን መስመር ብቅ አለ፤ ጣት የሚያህል ስንጥቅ። ፉርጎው ተፈታ፣ ተሳፋሪው ወረደ። በዚያ ጎማ ቢሄዱ ኖሮ አዋሽ ሸለቆው ላይ ምን ይሆን እንደነበር ለማንም መንገር አያስፈልግም። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ግን የመጀመሪያዋ ቃል ትበቃ ነበር። ሁለተኛዋ ባቡሩን አላዳነችም።

ጋሽ ወርዶፋ መዶሻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከሻይ ሻጯ መሐረባቸውን ተቀበሉና በኋላ በር ወጡ። ሲፈቱትም ሲቆጥሩም አላየሁም።

ከወረዱት ተሳፋሪዎች መካከል እትዬ ዘሃራ ነበረች። የሆነውን ከላይ አላየችም። እየሮጠች መጥታ የሻሿን ጫፍ ፈታችና መዳፌ ላይ አንድ ነገር አኖረች። ላባ እንኳ ከእሷ ይከብዳል። ሚዳቋዋ፣ በስተጀርባዋ ያቺ ቆብ የደፋች ሴት።

«መስመሩ ሲዘጋ በሌላ መንገድ ዞሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ስንት ጊዜ ቋጥሬያት ኖርኩ መሰለህ» አለች። «ለጋሽ ወርዶፋ ስጥልኝ። የት አሉ?»

«አሁን ወጡ» አልኩ።

ስለ መዳፉ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮአቸው ከከዳቸው ቆይቷል። መስመሩ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ እነዚያን የቆሙ ፉርጎዎች በየቀኑ ሲመቱ፣ ለካ በእጃቸው መስማት እየተለማመዱ ነበር። እኛ ደግሞ የእሳቸውን ችግር ጥበብ ነው ብለን ጆሯችን ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመዳፋችን ስናፍነው ከረምን። ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ አይቶን «ይኼ ደግሞ የት አገር ነው?» ብሎ አስቆመን።

ጋሽ ወርዶፋ ሥራውን ትተው አርሲ ነገሌ ገቡ። ወራት ካለፉ በኋላ ሳንቲሟን ይዤ ሄድኩ። በክብር ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡ፤ እምቢ አልኩ፣ በሞቴ አሉኝ፣ እንደገና እምቢ አልኩ፣ አፈር ስሆን አሉኝ፣ በላሁ። ዲንቄ የምትባል ትንሽ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ከበላሁ በኋላ ፍራንኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ከእትዬ ዘሃራ ናት» አልኩ።

ጋሽ ወርዶፋ በጠርዟ አነሷት። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ሴትየዋን አዩ፣ ገልብጠው ሚዳቋዋን አዩ። ከዚያ መልሰው አስቀመጧትና በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፏት።

«አይ፣ አንተ ያዛት» አሉ። «እኔ ምን ታደርግልኛለች። ጆሮ ላለው ነው።»

በጥፊ የመቱኝ ያህል ተሰማኝ። ሳንቲሟን አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ዓይናቸው ኪሴ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስለ ገብስ አወራን፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ አወራን፣ ተሰናብቼ ወጣሁ። ሁለተኛ አልሄድኩም። ይቅር አላሉኝም፣ ደጃቸውን አልረግጥም አልኩ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከቀብራቸው ብዙ ዘግይቶ፣ ከአንድ የእህል ነጋዴ አፍ፣ መንገድ ላይ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ነጋዴው ግራ ገባው።

ሌላው የሥራ ዘመኔ እንደ ሰው ሁሉ ነው። ወደ አዋሽ ተዛወርኩ፣ ወደ መተሐራ ተመለስኩ፣ አዳማ ጨረስኩ። ደግም ክፉም አለቃ አየሁ። ብዙ የታመመ ጎማ ያዝኩ። ለሚመጡት ሠራተኞች ሁሉ «ኪሳችሁን አራግፉ» ስል ይስቁብኝ ነበር። ባቡሩ መመላለሱን እየቀነሰ መጣና አንድ ቀን ጨርሶ ቀረ። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አንዴ ልየው ብዬ ሄጄ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ወይም እኔ አልሰማሁትም።

ከክሊኒኩ በተመለስኩ በሳምንቱ ሰላምን ሳላማክር መናኸሪያ ሄጄ ተሳፈርኩ። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ። መንገዱን በሙሉ ሳንቲሟ በእጄ ውስጥ ነበረች። ለጋሽ ወርዶፋ ልጆች ሰጥቼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። አርሲ ነገሌ ገበያው ጋ ወርጄ ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩትን ሰውዬ ቤት ብዬ ስጠይቅ ወዲያው አሳዩኝ።

በሩን የከፈተችው ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

«አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች፤ «ጋሼ ሽፈራው አይደሉም? ዲንቄ ነኝ። አባቴ ቤት መጥተው ጭኮ ሲግደረደሩ አይቼዎታለሁ።»

የመጣሁበትን ነገርኳት። ወደ ጓዳ ገብታ ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ቀለሙ ተልጧል። ክዳኑን ከፈተችው። ቀይ መሐረቡ ከላይ ታጥፎ አለ። ሥሩ ጣውላው፣ ግመሎቹ፣ ጀልባዎቹ፣ ሁሉም በየቀዳዳቸው። አንዷ ባዶ ናት።

እንድሰማት ተጠግታ ተቀመጠችና ነገረችኝ። አባቷ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ያሳርፋል፤ እሷ ሳንቲሞቹን ክዳኑ ላይ ትጥላለች፤ እሱ በእጁ ይጠራቸዋል። ሁሉንም ለይቷቸው ነበር። ሲጨርሱ ባዶዋን ቀዳዳ በጣቱ እየነካ «ይቺን ሽፈራው ያመጣታል» ይል ነበር።

«እርስዎ የሄዱ ዕለት እናቴ ተቆጣችው» አለች ዲንቄ። «‹ሰው ያን ያህል መንገድ መጥቶ እንዴት ትመልስበታለህ?› አለችው። ‹እኔ መቼ መለስኩ? አንዴ ብግደረደር በሞቴ እንኳ ሳይለኝ ኪሱ ከተታት እኮ› አላት። እየሳቀ ነው። ‹ልጅ ነው፣ ተናዷል። በሚቀጥለው ሲመጣ ይለኛል› አለ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ጠበቀ» አለች። «በገበያ ቀን ከአዳማ መኪና ሲመጣ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚወርደውን ሰው ያይ ነበር።»

ድንጋዩ ከበሩ ይታያል። ከሱ ማዶ መንገዱ አለ። ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አየሁት። ያቺን ጭኮ ስንት ጊዜ ተለምኜ እንደበላሁ ታውቃላችሁ። እሳቸውን አንዴ እንኳ አለመንኳቸውም። እትዬ ዘሃራ አንዴ ብቻ «በሞቴ» ብላ የሄደች ቀን ሲያዝኑ የሳቅሁባቸው እኔው ነኝ።

ፍራንኳን አወጣሁና ለዲንቄ ዘረጋሁላት።

እጄን በሁለት እጇ ይዛ መለሰችው። «ኧረ ጋሼ፣ ለእርስዎ ትሁን። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቋት እርስዎ ነዎት።»

«በሞቴ» አልኳት።

«አይሆንም፣ ለልጆችዎ ያድርጓት።»

«አፈር ስሆን።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተቀበለችኝ። ቀዳዳው ውስጥ ልታስገባት ስትል ግን ቆይ አልኳት። ክዳኑን ገጠምኩ። ዓይኔን ጨፈንኩና መዳፌን ጋሽ ወርዶፋ እንደሚያደርጉት ቆርቆሮው ጎን ላይ አሳረፍኩ።

«ጣያት» አልኩ።

ጆሮዬ ምንም አልሰማም። መዳፌ ሥር ግን አንድ ትንሽ ነገር ኳ አለች፤ ከዚያ ቀጭን ንዝረት፣ ከዚያ ጸጥ።

ዲንቄ ክንዴን ነካችኝ። «ተሰማዎት?» አለች።

«ደረሰች» አልኳት።